ሚስተር ሮይ ከንቲባ ከመሆኑ በፊት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔ ጢም አላበቀልኩም። ወሩ ጥቅምት መሆኑን የማውቀው በየቤቱ የበቆሎ እሸት ስለበላን ነው።

ያስታወሰኝ የልጅ ልጄ የሊዲያ ስልክ ነው። እዚህ ጁባ፣ ጉዴሌ ሰፈር፣ እናቷ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ቦዳቦዳ የሚሏቸው የሞተር ታክሲዎች ከጭቃው ጋር ሲታገሉ አያለሁ። ሊዲያ ከቢሮ ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ “አባባ፣ ሁልጊዜ የሚያወሩለት አሜሪካዊ ስሙ ማን ነበር?” አለችኝ። ነገርኳት። ስልኳን ስትነካካ ቆየችና ቀና አለች።

“አርፈዋል፣ አባባ።”

ከዚያ የተጻፈውን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው። መጀመሪያ አስተማሪ፣ ቀጥሎ በአገሩ የአንድ ከተማ ምክር ቤት አባል፣ በኋላ ከንቲባ ሆነ። ሦስት ጊዜ ተመርጦ በአራተኛው ተሸነፈ፤ አንድ ክረምት በረዶው ከመንገድ ሳይጠረግ ቀርቶ ሕዝቡ ተቀየመው። በዕድሜዬ ብዙ ሹም ሲወርድ አይቻለሁ፤ በበረዶ የወረደ ግን ሰምቼ አላውቅም። መንገድ ከመቆፈሩ በፊት ራሱ የየቤቱን በር እያንኳኳ ሰው ይጠይቅ ነበር ይላል። ኢትዮጵያ ስለኖረበት ጊዜ የተጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ናት። እዚያች መስመር ውስጥ እኔም አለሁ።

ወለጋ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ሚስተር ሮይ ሲያስተምር እኔ ምግቡን አበስልለት ነበር። ፊደል ብዙም አልዘለቅኩም፤ ሚሽን ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የለቃቀምኳት እንግሊዝኛ ግን ነበረችኝ። ከምንጩ እስከ ገበያው ቧንቧ ለመዘርጋት ሲያስብ አስተርጓሚው ሆንኩ። ቧንቧው በአሥራ አንድ ጓሮ ያልፋል። “የሁሉንም ፈቃድ ሳናገኝ አንቆፍርም” አለኝ፤ ደብተሩን ይዞ ተነሣ።

በየቤቱ እሸትና እርጎ ቀረበልን። እንግዳን ፊት ለፊት እንቢ የሚል ማን አለ? ሁሉም “እሺ ጌታዬ” አሉ። አቶ ገመዳ የሚባሉ ሽማግሌ ግን ስንወጣ ክንዴን ያዙኝ። “ስማ ታደሰ፣ ጌሾዬን ከነካ አንላቀቅም። ለሱ ግን እንዳትነግረው፣ ይከፋዋል።” ሌሎች ብዙዎችም በየአጥሩ ሥር እንደዚሁ አሉኝ። እኔም እንዳይከፋው ብዬ “ተስማምተዋል” አልኩት። እሱ ደብተሩ ላይ ምልክት ያደርጋል።

አንዱን ቤት ጭራሽ ዘለልኩት። የጠላ ሻጭ ቤት ነበር፤ በሚሽን አድጌ እዚያ ደጅ መቆም አፈርኩ። “ባለቤቷ የለችም፤ እሺ ትላለች” አልኩ። ምልክት ተደረገ።

ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎቹ ዶማ ይዘው ወጡ። አቶ ገመዳ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጌሾው ፊት በርጩማ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ጎረቤቶቻቸው ከኋላቸው ቆመዋል። ሚስተር ሮይ ደብተሩን ገልጦ አየና ወደ እኔ ዞረ። 

የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ደረሰ፤ ምልክት የተደረገበትን ደብተርና የተሰበሰበውን ሰው አየ። “ሕዝቡን ያሳመፀው ይኼ ነው” አለ እኔን እያሳየ። “ፖሊስ ጣቢያ ውሰዱት።” አንዱ ዘበኛ እጄን ያዘ። የፈራሁት እስሩን ብቻ አልነበረም። ሚስተር ሮይ ውሸታም መሆኔን ካወቀ ያባርረኛል፤ ከእሱ ቤት ሌላ ማደሪያ አልነበረኝም።

በዚህ መሀል ጠላ ሻጯ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ መጡ።

“ልጁ ምን አጠፋ?”

“የሌለ ፈቃድ አለ ብሏል” አለ ሹሙ።

“እኔንማ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እንቢ ነበር የምለው፤ ጌሾው ከጠፋ በምን ልጠምቅ?” ሰው ሳቀ። “እሺ ብለን ያዋሸነው እኛ ነን። አንቱ ራስዎ ግብር ስንጠየቅ እሺ ስንልዎ አንድ ቀን አምነውን ያውቃሉ?”

አቶ ገመዳ እንኳ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸሸጉ። ዘበኛው እጄን ለቀቀ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ተጠግተው፣ “በል ልጄ፣ የተባልከውን ሁሉ አንድ በአንድ ንገረው። አጠገብህ ነኝ” አሉኝ።

ነገርኩት። የእሳቸውን ቤት መዝለሌንም ጭምር። ሚስተር ሮይ ደብተሩን ከላይ እስከ ታች አየ። ከዚያ “ስንቶቹ እንቢ ብለዋል?” አለኝ። “ሰባት” አልኩ። ወረቀቱን ከደብተሩ ገንጥሎ ኪሱ ከተተና፣ “ከመጀመሪያው ቤት እንጀምር” አለ። አላባረረኝም፤ ግን ለብዙ ቀን ከእኔ ጋር አልቀለደም።

ሴትዮዋ ጠላቸውን ለጎረቤት ትተው ከእኛ ጋር ዞሩ። አንዱ “እሺ” ሲል “በእውነት ነው ወይስ ለክብሩ?” እያሉ ያፋጥጡታል። ቧንቧው ጌሾውን ዞሮ፣ ሁለት ቡና ተክል ሥር ጠምዘዝ ብሎ፣ ካሰብነው እጅግ ረዝሞ ገበያው ደረሰ።

ሰው ፊት እንቢ ማለት ዛሬም ይከብደኛል። ከዚያ ወዲህ ግን የሰው እንቢታ አድርስ ከተባልኩ እንደተባለው አደርሳለሁ። ሚስተር ሮይ በር ማንኳኳቱን ከእኛ ይማር ከአገሩ ያምጣው አላውቅም፤ ጽሑፉም አይልም።

ሊዲያ ለቤተሰቡ የሐዘን መልእክት መላክ እንደሚቻል ነገረችኝ። “ምን ልበል፣ አባባ?”

“እግዚአብሔር ያጽናችሁ በይ። ወጥ ቤቱ ታደሰ ነኝ በይ።”

“ሌላስ?”

 “ደጃቸውን ዘልዬባቸው ሳለ አሥራ አንዱንም ቤት አብረውኝ የዞሩትን ሴትዮ ስማቸውን ጻፊ፣ ሳትሳሳቺ። ወይዘሮ ድንቄ።”