በሩ የወደቀበት

ባለቤቴ አዲሱ ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቁ የሰርግ ቪዲዮ ይሠራ ነበር። ሲያርፍ ሦስት ሃርድ ዲስክ ትቶልኝ ሄደ። እኔ ጡረታ እስክወጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩና ፋይል ማደራጀት አያቅተኝም ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ።

አቃተኝ። እንደ ሰው በሙሽሮቹ ስም አላስቀመጠም። ፎልደሩን የሚሰይመው ሰርጉ ላይ በተፈጠረው ጉድ ነው፤ «ኬኩ የዘመመበት»፣ «በጉ ያመለጠበት»፣ «ሚዜው ያንቀላፋበት»። የቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራሞቹም እዚያው መሀል ተሰግስገዋል። ስቆጣው «ስም ይረሳል፤ ጉድ አይረሳም» ይለኝ ነበር።

እያንዳንዱን ሰርግ እያየሁ በሙሽሮቹ ስም እቀይር ጀመር። የመጀመሪያውን ዲስክ እንደጨረስኩ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ከሸጎሌ መጣች። ባለቤቴ ሰርጓን ቀርጾላት ነበር።

«እናቴ በቅርቡ አረፈች» አለችኝ። «ስትመርቀኝ ድምጿ ያለው እዚያ ብቻ ነው። የኔ ሲዲ ተጭሮ አልሠራ አለ።»

በስሟ ፈለግኩ፤ የለም። የቀሩት ሁለቱ ዲስኮች ገና በእሱ ስያሜ ናቸው።

«ሰርግሽ ላይ ምን ጉድ ተፈጠረ?»

«ምንም! የኔ ሰርግ እንከን አልነበረውም።»

«ኬኩ አልዘመመም?»

«ኧረ በስማም!»

«በግ አመለጠ?»

«እትዬ፣ እኛ በሬ ነው ያረድነው!»

ሁለታችንም ሐዘንተኞች ነን፤ ግን ሳቃችን አመለጠን።

ሦስተኛው ዲስክ ላይ «በሩ የወደቀበት» የሚለውን ሳነብላት አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ! ይህንንስ እንዴት ረሳሁት!»

ከፈትነው። እህቶቿ ሙሽራውን አናስገባም ብለው በሩን ይዘዋል፤ ሚዜዎቹ ከውጭ ይገፋሉ። የቆርቆሮው በር ከማጠፊያው ተነቅሎ ወደቀ። እናቷ በሳቅ እየፈረሱ ወደ ካሜራው ዞሩ።

«አንተ! ቆመህ ታያለህ እንዴ? ና በሩን ያዝ! ቤቴ በር ሳይኖረው አልመርቅም!»

ምስሉ ተንገዳግዶ ጠረጴዛ ላይ ረጋ። ከዚያ ባለቤቴ ብቅ አለ። አገር ሲቀርጽ ኖሮ እሱ ራሱ በአንድም ቪዲዮ አይታይም ነበር። ክራቫቱን ትከሻው ላይ ወርውሮ በሩን አነሳና በጀርባው ደግፎ ቆመ። እናትየው ልጃቸውን ረጋ ብለው መረቁ። ሲጨርሱ ወደ እሱ ዞረው «አንተንም በር የሚይዝልህ አያሳጣህ» አሉት። እሱም ጎንበስ ብሎ «አሜን» ሲል በሩ አብሮት ተንገጫገጨ።

ሴትዮዋ እያለቀሰችም እየሳቀችም «እንድገመው» አለች። ደገምነው። ከዚያ በፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋት፤ ለራሴም ሦስቱም ዲስክ ላይ አስቀመጥኩት።

አሁን የቀየርኳቸውን ፎልደሮች እንደገና እየከፈትኩ፣ ከሙሽሮቹ ስም ቀጥሎ የእሱን ስያሜ እየጨመርኩ ነው። የትም አልጻፍኩትም ነበር፤ ግን አንዱም አልጠፋኝም።