የዶሮ ጭንና ክንፍ በዲምቱ

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሶዶ መናኸሪያ ተነሣሁ። ዲምቱ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ይፈልጋል። ርእሰ መምህሩ አቶ ጳውሎስ «አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሪና እንይሽ» ብለውኛል። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋ ከዚህ በፊት ሁለት ቃለ መጠይቅ ወድቄያለሁ።

የመረጥኩት ርእስ በአየር የተሞሉ አጥንቶች ነው። የብዙ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች አከርካሪ፣ እንደ ወፎች ሁሉ፣ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ነበረው፤ ለዝምድናቸው አንዱ ምስክር ይህ ነው። ለማሳያ አንድ ትልቅ የዶሮ አጥንት ቀቅዬ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዣለሁ።

ሚኒባሱ ወደ ቆላው እየወረደ ሲሄድ እንሰቱ ሳሳ፣ በቆሎውና ግራሩ በዛ። ሹራቤን አወለቅሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ዲምቱ

የክፍሌ ሰዓት አምስት ስለነበር አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብቼ ቂንጬ አዘዝኩ። አጥንቱን አውጥቼ ንግግሬን በልቤ ስለማመድ ባለቤቷ እማማ ታደለች አዩኝ።

«ልጄ፣ አጥንት ከቤትሽ ይዘሽ መጣሽ? የእኛ አያጠግብም ብለው ነገሩሽ?»

እያፈርኩ ነገርኳቸው። አገላብጠው አዩት።

«ይሄማ ጭን ነው። መቅኔ ነው ያለው፤ አየር ከየት ያመጣል?»

«የወፍ አጥንት ባዶ ነው እማማ፤ ተምሬዋለሁ።»

«ባሌ ይሄን ሰብሮ ሲመጥ ሠላሳ ዓመት አይቻለሁ። የክንፉን ግን ይተወዋል። ምን ሊያገኝ!»

በዘነዘና ቀጭ አደረጉት። ውስጡ መቅኔ ሞልቷል። እኔ ትልቁን መርጬ ነበር የያዝኩት። እማማ ከድስቱ ከትከሻ የሚገጥመውን የክንፍ አጥንት አውጥተው፣ አጥበው ሰጡኝ። ጫፉ አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ አየር የሚገባው ለካ በዚህ ነው።

አምስት ሰዓት

ተማሪዎቹ ጸጥ ሲሉ ያዘጋጀሁት መግቢያ ጠፋኝ። እጄ ላይ የያዝኩት የተሰበረውን ጭን ነበር።

«ዛሬ ጠዋት ተሳስቼ ነበር» አልኩ።

ሳቁ። ታሪኩን ነገርኳቸው። ከዚያ የክንፉን አጥንት ታችኛውን ጫፍ ሰብሬ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነከርኩና በላይኛው ቀዳዳ እፍ አልኩ። አረፋ ወጣ።

«ቲቸር፣ እኔስ ልንፋ?» አለች አንዲት ልጅ። ወዲያው ሁሉም ተነሡ፤ «ተራ! ተራ!» እያልኩ ስጮህ ራሴን ሰማሁት።

ከኋላ ተቀምጠው ሲያዩኝ የነበሩት አቶ ጳውሎስ በር ድረስ ሸኙኝ።

«ስህተትሽን መናገር ነበረብሽ?»

«ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።»

«በይ፣ ሰኞ ሁለት ሰዓት እንዳታረፍጂ።»

አሥር ሰዓት ላይ ሶዶ ገባሁ። ያነበብኩትን ብቻ ስናገር ነው ለካ ሰው የሚያስፈራኝ። ሰኞ የማስተምረው ስለ ልብ ነው። ሐሙስ ሥጋ ቤት ሄጄ ቆራጩን እጠይቃለሁ።