ቀይ ምልክት ያለበት ብርጭቆ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ለኮምፒውተር የምትሠራቸውን ትንንሽ ሥዕሎች አሳየችኝ። ሰው ሥዕሉን አይቶ ምን እንደሚከፍት እንዲያውቅ ነው አለች። አንዱ ፖስታ ነው፣ አንዱ ቆሻሻ መጣያ። ሦስተኛው ግን ምን እንደሆነ ግራ ገባኝ። ስጠይቃት ሳቅ ብላ፣ «አለቃዬ ወዶታል፣ አባባ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ምስኪኗ ልጅ ምን አጥፍታ እንደተቆጣኋት አላወቀችም።

በደርግ ዘመን፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከናዝሬት ወጣ ብሎ ቆቃ አካባቢ ባለ የመንግሥት እርሻ ታፔላ ጸሐፊ ነበርኩ። የበጋው አቧራ ያልደረቀ ቀለሜ ላይ ይለጠፋል። ምሳዬ ከሐይቁ የወጣ ጥብስ ዓሣ ስለነበር ዛሬም ዓሣ ስበላ ቀለም ቀለም ይሸተኛል። የተባይ መርዝ የመጣባቸው በርሜሎች ባዶ ሲሆኑ ሠራተኛው ለውሃ መያዣ ይወስዳቸዋል። ብዙው ሰው ማንበብ ስለማይችል ሥራ አስኪያጁ በሥዕል አስጠንቅቅ አለኝ። በየበርሜሉ ላይ ብርጭቆ ሣልኩና በብርጭቆው ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት አደረግሁ። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሌላ ማንንም አልጠየቅሁም።

ብዙ ሳይቆይ ዲንቂቱ የምትባል ሽንኩርት ለቃሚ ሕፃን ልጇን ይዛ ወደ ክሊኒክ ስትሮጥ አየሁ። ልጅቷ አረፋ ትደፍቅ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ተረፈች። እናትየው ስትመለስ መጋዘኑ በር ላይ ያዘችኝ።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ በርሜሉ ላይ የሣልከው አንተ አይደለህ? ውሃ ይጠጡበት፣ ታይቶ አልፏል ይላል እኮ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በመጋዘናችን ተመርምሮ ያለፈ ጆንያ ሁሉ የሚደረግበት ያው ቀይ ኤክስ ነበር። እኔም በየቀኑ አየዋለሁ! አፍሬ ምን ልሣል አልኳት።

«የሞተ በሬ ሣል፣ እግሩን ወደ ላይ የሰቀለ። እሱን ያየ አይነካውም» አለችኝ።

በዚያው ቀን ሣልኩት። ሠራተኛው እያየ ይሸሽ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ግን በንዴት ቀላ።

«ጓድ፣ በአብዮቱ እርሻ ላይ የሞተ በሬ? የበላይ አካል ያጸደቀው ብርጭቆውን ነው።»

የልጅቷን ነገር ነገርኩት። አጥፋው አለኝ። በዚያ ዘመን እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል የኖረበት ያውቀዋል፣ ቢሆንም ይህ ሰበብ እስከ ዛሬ አያበርደኝም። በገዛ እጄ በበሬዎቹ ላይ ቀለም ቀብቼ ብርጭቆዬን መልሼ ሣልኩ። ዲንቂቱ ልጇን አዝላ ቆማ ታየኝ ነበር። በርሜሎቹም በመኪና ተጭነው ሊሸጡ አርሲ ነገሌ ገበያ ሄዱ።

ይህን ነግሬያት ስጨርስ የልጅ ልጄ ሥዕሏን ይዛ ደጃችን ላይ ቲማቲም ወደምትሸጠው ሴት ወጣች። አታስረጃት፣ ምን ይመስልሻል ብቻ በያት አልኳት። ተመልሳ ስትመጣ ሥዕሉን እንደ አዲስ ልትሠራው ተቀመጠች። እየሣለችም፣ «በእነዚያ በርሜሎች ማን ጠጣባቸው?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። ገበያ ላይ አሮጌ በርሜል ባየሁ ቁጥር ግን፣ ይህን ሁሉ ዓመት፣ ዞር ዞር ብዬ ብርጭቆዬን እፈልጋለሁ።