አያት ባጃጅ ሲመርቁ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴን አሪየትን ምጥ ያዛት። አያቷ እትፍ እትፍ ብለው ሳይመርቋት ግን ጤና ጣቢያ አልሄድም አለች።

"እማማ፣ ኮሮና ነው፤ እርጉዝ ላይ አይተፋም" አልኳቸው።

"እናቷንም የመረቅኳት እኔው ነኝ! ኮሮና ትናንት የመጣ እንግዳ ነው" ብለው ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ።

የጠራሁት የባጃጅ ሹፌር ጨነቀው። "እማማ፣ ጎማውን ይመርቁልኝ፤ እሱ ይሸከማታል" አለ።

ትንሽ አሰቡና ሦስቱንም ጎማ ዞረው እትፍ እትፍ አሉ። አሪየት በምጥ መሃል እየሳቀች "ይበቃል፣ እንሂድ" አለች።

እኔ አልሳቅኩም። ባለፈው ክረምት ልጄን ያጣኋት ኮሮናን ፈርተን ቤት ስናዋልዳት ነው።

ከሰዓት በኋላ ተደወለልኝ፦ "እናትም ሕፃኗም ደህና ናቸው።" ያኔ ነው የሳቅኩት።

በእናንተ ሰፈርስ በዚህ ኮሮና እርጉዝ እንዴት ትመረቃለች? እስቲ ጻፉልኝ።