ሰብለ ወንጌል ሳይክል የለመደችበት ክረምት

የሰፈራችን ልጅ ሰብለ ወንጌል አማረ አንድ የታወቀ ጠባይ አላት፤ አላውቅም ማለት አይሆንላትም። ወረታ ውስጥ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ እየወጣች ነው ያደገችው። ባሕር ዳር ገብታ የመስኖ ምህንድስና ስታጠናም መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ እጇ ይወጣል አሉ። ለእረፍት ስትመጣ ቧንቧ ከፈነዳ ከሠራተኛው በፊት እሷ ትጠራለች። ቧንቧው መፍሰሱን አያቆምም፤ ለምን እንደሚፈስ ግን ሁላችንም በደንብ እንረዳለን።

ሦስተኛ ዓመቷን እንደጨረሰች ሆላንድ ሄዳ አንድ ዓመት እንድትማር ተመረጠች። የፎገራ ሜዳ በየክረምቱ ውሃ የሚተኛበት ነውና ውሃ ማባረር የሚችሉ ሰዎች አገር መሄዷን ሁላችንም ወደድነው። ወሬው ከመናኸሪያው ተነስቶ ደብረ ታቦር መገንጠያ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከዚያ በኋላ ልጅቱን ለመንገድ የማዘጋጀቱን ሥራ ሰፈሩ በሙሉ ተረከበው። አንዷ ጎረቤት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል ብላ የሱፍ ኮፍያ ሠራችላት። አዲስ አበባ ሁለት ክረምት የከረመ ሌላ ጎረቤት ስለ አውሮፓ አኗኗር አስቀምጦ መከራት። እናቷ እትዬ ማናዬ በርበሬውን፣ ሽሮውንና ድርቆሹን ሻንጣ ውስጥ ሲጠቀጥቁ ቦታ አነሳቸውና ልብሷን አወጡት።

«ልብስ እዚያም አይጠፋም» አሉ።

አባቷ መሪጌታ አማረ የሚያሳስባቸው ደግሞ ጾሙ ነበር። «ምግቡን ሁሉ በወተት ነው የሚሠሩት ይባላል። እንደገባሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው» አሏት፤ አገሩ በሙሉ በር ላይ ቆሞ የሚቀበላት ይመስል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሔለን የምትባል፣ ቀደም ብላ እዚያው የሄደች ጓደኛዋ የድምፅ መልእክት ላከችላት። «ሰብልዬ፣ በርበሬውንም ሹራቡንም ተይው። ሳይክል ትችያለሽ ወይ? እዚህ አሮጊት ሳይቀር በሳይክል ነው የሚሄደው። ካልቻልሽ በእግርሽ ስትኳትኝ ትምህርቱ ያልቃል።»

ሰብለ አትችልም ነበር። ሜዳማው ወረታ ውስጥ ሕፃን ሁሉ የሚችለውን ነገር አለመቻሏን እስከዚያ ቀን ማንም አላወቀባትም፤ የመሪጌታ ልጅ ሳይክል ላይ ትንፈራጠጥ ብሎ የሚፈቅድ ስላልነበረ የሚጠይቃትም አልነበረም። እሷም እንደ ልማዷ በጥናት ጀመረች። በሯን ዘግታ ስልኳ ላይ ቪዲዮ ስታይ ሰነበተች። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ትራስ እንደ መሪ ይዛ መታጠፍ ተለማመደች። እትዬ ማናዬ ይህን በመስኮት አይተው ጠበል ይዘዋት ሊሄዱ አስበው እንደነበር በኋላ ነግረውናል።

ጥናቱ ሲያልቅ ከባጃጅ ተራው አጠገብ ሳይክል የሚያከራየው እንዳልካቸው ዘንድ ሄደች። እንዳልካቸው አንደኛ ደረጃ አብሯት የተማረ፣ ፈተና ሲመጣ ከጎኗ የማይጠፋ ልጅ ነበር።

«ለማን ነው?» አላት።

«ለአጎቴ ልጅ።»

«ቁመቱ ምን ያህላል? ኮርቻውን ላስተካክልለት።»

«እኔን ያክላል።»

«እንግዲያው ውጭበትና ልለካው።»

«የለም፣ ራሱ ያስተካክለዋል።»

እንዳልካቸው ሳቁን ዋጥ አደረገ። «እሺ። ለአጎትሽ ልጅ ንገሪልኝ፤ የፊቱ ፍሬን አይሠራም፣ የሚይዘው የኋላው ብቻ ነው።»

ሰብለ ሳይክሉን እየገፋች ከከተማ ወጣችና የቁሐር ሚካኤልን መንገድ ያዘች። እዚያ ባጃጅም የለ፣ የሚያያትም የለ ብላ ነው። እንዲህ ያለች ጎበዝ ልጅ ወሩ ነሐሴ መሆኑን ረሳችው። በነሐሴ የፎገራ ሰው ሁሉ ሩዝ ማሳ ውስጥ ነው፤ ሜዳው ደግሞ ጉብታ እንኳ ስለሌለው ከከተማው ጫፍ የተነሳ ሰው እስኪደርስ ድረስ ይታያል። በወንፈል የሚያርሙት ሰዎች ቀና ቀና ብለው ሲጠብቋት ቆዩ።

«ምነው ትገፋዋለች? አሞት ነው?» አለች አንዲት ሴት።

«ጠበል እየወሰደችው ይሆናል» አላት አጠገቧ የሚያርም ሰው።

ሰብለ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ቪዲዮውን በልቧ ከለሰችና ወጣች። በቀኝ ወደቀች። ተነሳችና በግራ ወደቀች። ቀጥሎ ሳይክሉ ራሱ መንገዱን ትቶ ይዟት ወረደና ከወገቧ በላይ ጭቃ ሆና ከሩዙ መሀል ተነሳች። ከአራሚዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ በትሕትና ጠሯት።

«ልጄ፣ የወደቅሽበት በኩል ታርሟል። ከቻልሽ በወዲያኛው ውደቂ፤ እሱ ገና ነው።»

ማሳው በሳቅ ሞላ፤ ወዲያው ደግሞ ጸጥ አለ። መሪጌታ አማረ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገውና ጥላ ይዘው ለፍልሰታ ቅዳሴ ወደ ቁሐር ሚካኤል እየሄዱ ነበር። ልጃቸው ፊት ለፊታቸው ቆማለች፤ የወንድሟን ሱሪ ታጥቃለች፣ ከጸጉሯ ጭቃ ይንጠባጠባል።

«ሰብለ።»

«አቤት፣ አባባ።»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አታጣም ነበር። «አልችልበትም» አለችና እንባዋ መጣ። «ሁሉም ሰው ይችላል፣ እኔ ግን አልችልበትም። እዚያ ሄጄ መሳቂያ ልሆን ነው። ሰው እንዳያየኝ ብዬ እዚህ ድረስ መጣሁ፣ አገሩ ሁሉ አየኝ።»

መሪጌታ ወደ ማሳው ሲዞሩ አራሚው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እኔ ድጓ ስማር የተሳሳትኩትን ማን ቆጥሮት» አሉ። «ሁሉንም ግን የኔታ ፊት፣ ጓደኞቼ እየሰሙ ነው የተሳሳትኩት። አንች ተደብቀሽ ብትሳሳች ማን ያርምሽ?»

ይህን ብለው መቋሚያቸውንና ጥላቸውን ለአንዲቱ አራሚ ሰጡ። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው የሳይክሉን ኮርቻ ከኋላ ያዙ።

«ውጭ እንግዲህ።»

በፎገራ ብዙ ነገር ታይቷል፤ መሪጌታ ሲሮጡ ግን ታይቶ አያውቅም። ጥምጥማቸው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ ጭቃው እየተፈናጠረባቸው፣ «ፊት ፊቱን እይ፣ ወደ እግርሽ አትይ» እያሉ ሮጡ። ሴቶቹ እልል አሉ።

«አባባ፣ እንዳይለቁኝ።»

«ይዤሻለሁ» አሉ መሪጌታ፤ ያን ጊዜ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በጣም ርቀው፣ እያለከለኩ ቆመዋል። ለቅዳሴ እየሄዱ ሲዋሹ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

ሰብለ ብቻዋን መሆኗን ያወቀችው ከፊት ለፊቷ ከብቶች ሲመጡ ዘወር ብላ እርዳታ ስትፈልግ ነው። ደንግጣ የፊቱን ፍሬን ጨመቀች፤ እሱ ደግሞ አይሠራም። መንገዱ መሀል የቆመች አንዲት ትልቅ የፎገራ ላም ሳይክሉን በጎኗ ተቀበለችው። ላሟ ዘወር ብላ አየቻትና ማመንዠኳን ቀጠለች። ሰብለ የላሟን ጀርባ እንደተደገፈች ሳቋ አመለጣት።

መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን የደረሱት ዘግይተው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ነበር። የደብሩ አለቃ አይተዋቸው፣ «ምነው መሪጌታ፣ ሩዝ ሲያርሙ ነው የቆዩት?» አሏቸው።

«የለም፣ ሆላንድ ደርሼ መምጣቴ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሰብለ መደበቁን ተወችው። በገበያ ቀን ሳይቀር ሹፌሮች መንገድ እየለቀቁላት መሀል ወረታን ዞረችው። እንዳልካቸው ሳይክሉን ስትመልስለት፣ «የአጎትሽ ልጅ ጎበዝ ነው» ብቻ አላት።

መስከረም ላይ ሄደች። ብዙም ሳትቆይ ደውላ ያገለገለ ሳይክል መግዛቷን፣ በሳምንቱም ከትምህርት ቤቷ በር ላይ መሰረቁን ነገረችን። እትዬ ማናዬ አውሮፓም ሌባ አለ ብሎ ማመን ከበዳቸው። ጎረቤቱ ወሬውን ሰምቶ ለማጽናናት ቤታቸው ሲመላለስ ሰነበተ፤ ለመጣው ሁሉ ቆሎ ይቀርብ ነበር። መሪጌታ ስልኩን ተቀብለው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አንችስ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ አባባ። ሌላ ገዛሁ፤ በጣም አሮጌ ስለሆነ ይህኛውን የሚመኝብኝ የለም።»

አሁን በእሱ እየተመላለሰች ነው የምትማረው። ዝናብ ሲመታት ደውላ ታማርራለች፤ እናቷም ኮፍያሽን አድርጊ ይሏታል።