ድንጋይ የሚወጥረው ማሽን

ከአማን የወጣሁት በጠዋት አውቶቡስ ነው፤ እኔ ግን መውጣቴን የምቆጥረው ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ነው። መብራት ከቀትር ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። እማዬና እኔ በሻማ ብርሃን ጎደሬ እየላጥን፣ የነገውን መንገድ ላለማንሣት ስለ ጎረቤታችን ላም እናወራለን። ድንገት መብራቱ መጣ። ጓሮ ካለው የእንጨት ሥራ ቤታችን ውስጥ፣ ማንም በሌለበት፣ የወንድሜ ማሽን ተነሥቶ መጮህ ጀመረ።

ማብሪያውን ሳላጠፋ ረስቼው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። እማዬም ይህን ታውቃለች። ነገር ግን ታላቄ ዳንኤል ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከወጣና ድምፁ ከጠፋ ወዲህ፣ ማሽኑ እንዲህ በራሱ በተነሣ ቁጥር እጇ ላይ ያለው ነገር ይወድቃል። የዚያን ዕለት ቢላዋው ወደቀ። ሄዳ አጠፋችውና ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ጸጌ፣» አለችኝ፣ «ሞቶ ከሆነ ሞተ የሚለኝ ሰው አምጣልኝ። ካለም ድምፁን አሰማኝ። ከዚህ ማሽን ጋር መኖር ግን በቃኝ።»

ሰው እንጀራ ፍለጋ ይሰደዳል። እኔ የተሰደድኩት ይህን ተልኬ ነው።

ማሽኑን ላላያችሁት ልንገራችሁ። የእንጨት ማለስለሻ ነው፤ ዳንኤል በእጁ የሠራው። ሞተሩ ከተዘጋ ወፍጮ ቤት የተረፈ ነው። ሁለት ድቡልቡል ሩሎ ከደረቀ ዋንዛ አስቀርጾ በኩሽኔታ ላይ አስቀመጣቸው፤ በሁለቱ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ቺንጋ ይዞራል። ሻካራ ጣውላ ስታስጠጉለት እንደ ሕፃን ጉንጭ አድርጎ ይመልስላችኋል። ችግሩ የእኛ የሚዛን አማን ዝናብ ነበር። እኛ ዘንድ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ የቺንጋው ጨርቅ ጠዋት ረግቦ ከሩሎው ይሾልካል፣ ፀሐይ ስትወጣ ተኮማትሮ ይበጠሳል። ሌላ ሰው ቢሆን በብሎን ሲያጠብቅና ሲያላላ ይውላል። ዳንኤል ግን የኋላውን ሩሎ በሚንሸራተት እንጨት ላይ አሰረና፣ ከእንጨቱ ገመድ አውርዶ ድንጋይ አንጠለጠለበት። ቺንጋው ሲረግብ ድንጋዩ ይወርዳል፣ ሲጠብቅ ይወጣል። «አየሩን ድንጋዩ ይጠብቀው፤ እኔ ሥራ አለብኝ» ይል ነበር።

ድንጋዩ የታሰረበት ቋጠሮ ደግሞ የአባታችን ነው። አባታችን ነፍሱን ይማርና በሸዋ ቤንች ጫካ ትልልቅ ዛፎች ላይ የንብ ቀፎ ይሰቅል ነበር። ገመዱን ሁለቴ አዙሮ በራሱ ሥር ያሳልፈዋል፤ በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ አውራ ጣት የምታህል እንጨት ይሰካበታል። እንጨቷ እስካለች ቋጠሮው አይላላም። ከእኛ ጫካ ውጭ እንዲህ ሲታሰር አይቼ አላውቅም።

ስለ መንገዱ ብዙ አልላችሁም፤ የሄደ ያውቀዋል፣ ያልሄደም ባያውቀው ይሻላል። ከሚዛን ስትርቁ ዛፉ እያጠረ፣ እያጠረ፣ ሞያሌ ስትደርሱ እሾህ ብቻ ይቀራል። ያን ያህል ሰማይ በአንድ ጊዜ አይቼ ስለማላውቅ ራሴን አዞረኝ፤ እኛ አገር እኮ ሰማይ የሚታየው በቅጠል መሐል ነው። ድንበሩን ከከብት ነጋዴዎች ጋር ተሻገርኩ፤ ከበሬዎቹ ያነሰ ጥያቄ ቀረበልኝ።

ጥያቄው ናይሮቢ ጠበቀኝ። የስደተኛ መመዝገቢያ ቢሮ የተቀመጠው ሰውዬ እስክሪብቶውን እያኘከ፦

«ለምን መጣህ?»

«ወንድሜን ፍለጋ።»

«ወንድምህስ ማንን ፍለጋ መጣ?»

«ሥራ።»

«ቀጥሎ አንተን ፍለጋ እናትህ ትመጣለቻ! ሥራህ ምንድን ነው?»

«እንጨት አለሳልሳለሁ። ግጥምም እጽፋለሁ።»

«ከሁለቱ የትኛው ያበላል?»

ጎንበስ ብዬ እጆቼን አየሁ።

«እንግዲያው ስደተኛ ብዬ እሞላዋለሁ» አለና ማኅተሙን መታው።

ቤት ያከራየችኝ ሴትዮም ከእሱ አታንስም። ጣሪያውን ቀና ብዬ ሳየው፣ «አዎ ያፈስሳል፤ ግን ሲዘንብ ብቻ ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ዝናቡ በመጣልኝ ብዬ ነበር። የናይሮቢ ደመና ይከብዳል፣ ይጠቁራል፣ ሰው ያስጨንቃል፤ አይወርድም። ቆርቆሮ የሚደበድብ ዝናብ ሳልሰማ እንቅልፍ አልወስድህ አለኝ። የቡና ቅጠል በዝንጅብልና በሚጥሚጣ ጠጥቶ ያደገ ሰው ጠዋት ማታ በወተት የነጣ ሻይ ይቀርብለታል። ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ አለ፤ ሆድ ይሞላል፣ አያጠግብም። ደግ ሕዝብ ነው እንጂ፤ ምግቡ ላይ ነው ያልተስማማነው።

ሥራ ያገኘሁት ጁዋ ካሊ በሚሉት፣ ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ በሚሠራበት ሰፈር፣ አልጋና ቁም ሣጥን ከሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ምዜ ኦቲኖ ይባላሉ፤ ምዜ እንደ እኛ ጋሼ ነው። ሠራተኛው ሁሉ በእጁ ሲፈትግ ይውላል። «ማሽን ልሥራልዎት» አልኳቸው። ሠራተኞቹ ተሳሳቁብኝ፤ እሳቸው ግን አሮጌ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሰጡኝ።

ሠራሁት። ሩሎውን፣ ኩሽኔታውን፣ ቺንጋውን፣ ሁሉንም ዳንኤል እንዳሳየኝ። በመጨረሻም ድንጋዩን በአባታችን ቋጠሮ አንጠለጠልኩ። እዚህ ላይ ነው ከሚዛን ሰው በቀር የማይሠራውን ስሕተት የሠራሁት። የናይሮቢ ጨርቅ አይረግብም፤ አየሩ ደረቅ ነው፤ ብሎን ይበቃው ነበር። እኔ ግን እጄ የለመደውን ክብደት አሰርኩ። ማሽኑ እንደተነሣ ቺንጋው ጧ ብሎ ተበጥሶ ከምዜ ኦቲኖ ባርኔጣ ላይ አረፈ።

«ፉንዲ፣» አሉኝ፣ ባለሙያው ማለታቸው ነው፣ ባርኔጣቸውን እያራገፉ፣ «ይህ እንጨት ማለስለሻ ነው ወይስ ሽማግሌ መላጫ?»

ሰፈሩ በሳቅ ወደቀ። ብሎን ሰጡኝ፤ እንቢ አልኩ። ትንሽ ድንጋይ ፈልጌ አሰርኩበት፤ ያለ ድንጋይ ማሽኑ የዳንኤል አልመስልህ አለኝ። እነሱም «ጂዌ» ብለው ሰየሙኝ፤ ድንጋይ ማለት ነው።

ያ የማያስፈልግ ድንጋይ ነው መንገድ ያሳየኝ። አንድ ቀን ቁም ሣጥን ሊጭን የመጣ ሙቱዋ የሚባል ሾፌር ከማሽኑ ሥር ጎንበስ ብሎ አየና ሣቀ። «ናኩሩ ከተማም እንዲህ ያለ እብድ አለ! ገመዱ ላይ ስንጥር የሚሰካ፣ አገሩም ያንተው አገር።»

ቁርሴን እንኳ ሳልጨርስ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ወደ ናኩሩ ተሳፈርኩ።

ሙቱዋ የነገረኝ የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤት ማማ አኪኒ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ገና ሰላም ስላት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ድምፅህ!» አለች። «ድምፅህ የእሱ ነው።»

ማሽኑ ጥግ ላይ ቆሟል። ከሥሩ ድንጋዩ ተንጠልጥሏል። ተንበርክኬ ቋጠሮውን ዳሰስኩት። ሁለት ዙር፣ በራሱ ሥር፣ አውራ ጣት የምታህል እንጨት።

«አትንቀላት!» አለችኝ ደንግጣ። «ዳንኤል ራሱ ነው፣ እሷ እንጨት ከወጣች ሁሉም ይወርዳል ያለን።»

«የት አለ?»

«ሄደ። ወደ ደቡብ ከሚሄድ የጭነት መኪና ጋር። መቼ እንደሚደርስ ጠየቅኩት፤ ሣቀ።»

«ለቤቱ ይደውል ነበር?»

«ስልኩን ይዞ እዚያ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ይቀመጣል፣ ይቀመጣል፣ ከዚያ ኪሱ ይከተዋል። ለምን አትደውልም ስለው፣ የምነግራቸው ሲኖረኝ ይለኛል። ፖሌ፣ ልጄ።» ፖሌ አይዞህም ይቅርታም የሚሆን ቃል ነው፤ የትኛውን እንዳለችኝ አላወቅኩም።

ዳንኤል ከመሄዱ በፊት ብዙ ቺንጋ አጣብቆ ግድግዳ ላይ ሰቅሎላቸው ነበር። ተጠቅመው ተጠቅመው ጨርሰዋል፤ ራሳቸው የሚያጣብቁት ደግሞ ይላቀቃል። ማማ አኪኒ እንድቆይላት ለመነችኝ። ወዴት ልሂድ? ደቡብ አንድ አቅጣጫ ነው እንጂ አድራሻ አይደለም። እሱ ይተኛበት በነበረው ክፍል አስተኛችኝ። ግድግዳው ላይ ትራስ የሚደርስበት ቦታ በጭንቅላት ቅባት ጠቁሯል። ፊቴን ወደዚያ አዙሬ ለመተኛት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ሠራተኞቹ ስሜን ሊጠሩ ሞከሩ፤ ጸ አልወጣ አላቸው። ሳጋይ አሉኝ፣ ታጋይ አሉኝ፣ በመጨረሻ ተዉት። አፋቸው የለመደው የወንድሜ ስም ነበረ፤ በእሱ ይጠሩኝ ጀመር። መጀመሪያ ላይ እቆጣ ነበር። ከዚያ ዝም ማለት ጀመርኩ። ዝም ማለት ከጀመርኩ በኋላ፣ ሰው ያንን ስም ሲጠራ ዞር የምለው እኔ መሆኔን አስተዋልኩ።

ይህን የምታነቡ በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ልጆች፦ በታንዛኒያም ይሁን በማላዊ፣ በየትም እንጨት ቤት፣ ድንጋይ የሚወጥረው ማሽን ካያችሁ ከሥሩ ጎንበስ በሉ። ገመዱ ላይ ትንሽ እንጨት ተሰክቶ ከሆነ፣ ሠሪውን እናቱ ትጠብቀዋለች በሉት።

ለእማዬ ናኩሩ ከመጣሁ አልደወልኩላትም ነበር። እኔም በርጩማው ላይ እቀመጣለሁ፣ ስልኩን አወጣለሁ፣ ኪሴ እከተዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ራሷ ደወለች። ማሽኑ እየሠራ ነበር፤ ወደ ደጅ ወጣሁ።

«ጸጌ! ምነው ጠፋህ? በልተሃል? ወሬ አለህ ወይ?»

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ…»

ከውስጥ ማማ አኪኒ ተጣራች። «ዳንኤል! ዳንኤል፣ ንጆ!» ና ማለቷ ነው።

 በስልኩ ከእማዬ ኋላ የአማን ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማኛል።

«ጠሩት» አለች ቀስ ብላ። «ጸጌ፣ እዚያ ነው እንዴ? ጠሩት እኮ! ጆሮዬ ነው የሰማው።»

«እማዬ…»

«አይ አይ፣ ሥራ ላይ ከሆነ አታስጥለው። አልቆጣውም በለው። አንድ ቃል ብቻ ይበለኝ።»

«ዳንኤል!» አለች ማማ አኪኒ ብቅ ብላ። የተበጠሰውን ቺንጋ በእጇ ይዛለች። ሠራተኞቹ ሁሉ ወደ እኔ ያያሉ።

«አቤት!» አልኩ።

ስልኩ አፌ ላይ ነበር።