አባቴ ሳይሞት የተለቀሰለት ቀን

ሦስተኛ ፊልሜን ስሠራ ገንዘቡ ስላልበቃኝ ቀረጻውን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ወላጆቼ ግቢ አመጣሁት። ደራሲዋም ፕሮዲዩሰሯም እኔው ነበርሁ። ፕሮዲዩሰር በእኛ አገር ጄኔሬተር ተውሶ፣ ለተዋንያን ምሳ የሚያቀርብ ሰው ማለት ነው።

የዚያን ቀን የምንቀርጸው ለቅሶ ነበር። ዕድሩ ድንኳን አዋሰን። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ እያታገለን በራችን ላይ ተከልነው፤ ከቴአትር ክበብ የመጡ ሴቶችም ጥቁር ለብሰው ተቀመጡ። ለሰፈሩ ሰው መናገር ግን ጭራሽ ትዝ አላለኝም። አባቴ ደግሞ በጧት ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ወረታ ሄዷል፤ ስልኩ አይሠራም።

ገና ካሜራው ሳይነሳ አንዲት ሴት እየጮኸች ገባች። ከተዋንያኑ አንዷ መስላኝ፣ «ቆይ፣ አልጀመርንም እኮ!» አልኋት።

«አባትሽን አጥተሽ ምኑን ነው የምትጀምሪው፣ ልጄ?» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የጎረቤታችን እህት ነበረች።

«ማንም አልሞተም፣ ፊልም ነው!» ብል የሚሰማኝ ጠፋ። «ደንግጣ ነው፣ ውኃ ስጧት» አሉ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ሞላ።

በመጨረሻ ከሱቃችን አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ መጡ። ለሽያጭ የሰቀሉት ብርድ ልብስ የሱቃችንን በር ስለ ጋረደ ከአባቴ ጋር ከተጣሉ ወዲህ ለዓመታት ሰላም ተባብለው አያውቁም። ሐጂ የድንኳኑን ምሰሶ ይዘው ያለቅሱ ጀመር።

«ያን ብርድ ልብስ ባወርደው ምን ነበረበት? ሚስቴ የታመመች ለታ ሱቄን ቀኑን ሙሉ የጠበቀልኝ እኮ እሱ ነው! አመሰግናለሁ እንኳ ሳልለው!»

እኔ በፊልሙ ለሚያለቅሰው ወጣት ተዋናይ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌለት ነበር። አንዱም መስመር ይህን አያህልም።

ይሄኔ አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። አባቴ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ወረደ፤ ድንኳኑን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ቀረበው ሰው፣ ወደ ሐጂ ዞረ።

«ማን ሞቶብን ነው?»

ሐጂ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ «አንተ!» አሉት።

ከተዋንያኑ አንዷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ነገሩ ሲገባው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ልጅ፣ የምትገድይው ሌላ ሰው አጣሽ?» አለኝ። እኔ በእፍረት መግቢያ አጣሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው የተዋንያኑን ምሳ በሉት።

ካሜራማኑ ጠጋ ብሎ፣ የሐጂን ለቅሶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ቀረጸው በጆሮዬ ነገረኝ። ወዲያው ሄጄ ፊልሙ ውስጥ እንዳስገባው እንዲፈቅዱልኝ ሐጂን ለመንኋቸው።

«አይሆንም፣ ልጄ» አሉኝ። «ያን ለአባትሽ ነው ያልሁት፤ ለሕዝብ አይደለም።»

አጠፋሁት። ካሜራማኑ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በምትኩ የጻፍሁትን ሁለት ገጽ ወደ ሦስት መስመር አሳጥሬ በማግስቱ እንደገና ቀረጽን።

ፊልሙ ባሕር ዳር ሲታይ ሐጂ ከአባቴ ጋር መጥተው ከፊቴ ተቀመጡ። የለቅሶው ቦታ ሲደርስ ወደ ኋላ ዞር ብለው፣ «ይኼ ልጅ ሰው ሞቶበት አያውቅም እንዴ?» አሉኝ። «ብትነግሪኝ ኖሮ አለማምደው ነበር እኮ!»